እጢው ከአንጎል ጋር ያወራል፦ ስለ ሚሼል ሞንጄ ሥራ እናውጋ

ስላይድ_ቆራጭ · ሰኞ ማታ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሥራዬ ፓቶሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ ቴክኖሎጂስት ነኝ። ከቀዶ ጥገና ክፍል በፎርማሊን ተዘፍዝፎ የመጣውን ሥጋ በሰም እቀብረዋለሁ። ከዚያ በማይክሮቶም ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስቼ እቆርጠዋለሁ፣ ቀለም አጠጣዋለሁ፣ ስላይዱን ለዶክተሮቹ አቀርባለሁ። ከማቅረቤ በፊት ቀለሙ መያዙን ለማየት እኔም በማይክሮስኮፕ አንዴ አጮልቃለሁ። ክፉ ልማድ ነው። አንዳንዴ ውጤቱን ከታካሚው ቀድመህ ታውቀዋለህ።

የአንጎል እጢ ሲመጣ ደጋግሜ የማየው አንድ ነገር አለ። ትልቁ የነርቭ ሴል መሐል ላይ ቁጭ ብሏል። ሐምራዊ ነጥብ የሚመስሉት የእጢ ሴሎች ዙሪያውን ከበውታል። ምድጃ ዳር ኩርምት ብለው እሳት የሚሞቁ ልጆች ይመስላሉ። እኔ "እጢ አይደል፣ የትም ይወራል" ብዬ አልፍ ነበር። ሌላውም ሲያልፍ ኖሯል። ሼረር የሚባል ጀርመናዊ ይህን አቀማመጥ በ1938 ጽፎታል። ከዚያ ወዲህ ሰማንያ ዓመት ገደማ ሁሉም ያየዋል፣ ስምም ወጥቶለታል። እዚያ ምን እንደሚፈልጉ አጥብቆ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ከጠየቁት አንዷ ሚሼል ሞንጄ ናት። አሜሪካ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ የነርቭና የአንጎል ካንሰር ሐኪም ናት። ላብራቶሪም አላት። በ2025 ከጀርመኑ ፍራንክ ዊንክለር ጋር ብሬይን ፕራይዝ የሚባለውን የዴንማርክ ሽልማት ተካፍላለች፣ 10 ሚሊዮን ክሮነር። ስለ ገንዘቡ አይደለም የምጽፈው።

ሴትየዋ የያዘችው በሽታ ዲአይፒጂ ይባላል። የሕጻናት ነው። ከማጅራት ከፍ ብሎ፣ ፖንስ በሚባለው የአንጎል ግንድ ክፍል ላይ ይበቅላል። መተንፈሱ፣ መዋጡ፣ ዓይን ማንቀሳቀሱ ሁሉ በዚያ ያልፋል። እናት መጀመሪያ የምታየው የልጇ ዓይን ሲንሸዋረር ነው። ወይ ሲራመድ ይንገዳገዳል። ቀዶ ሕክምና አይሞከርም። እጢውና ጤናማው ነርቭ እንደ ሽሮና በርበሬ ተቀላቅለዋል፣ ማን ለቅሞ ይለየዋል? ስድስት ሳምንት ጨረር ይሰጣል። ልጁ ጥቂት ወራት ደህና ይሆናል። ከዚያ ይመለሳል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው በታወቀ በዓመቱ በሕይወት የሉም። የጠፈርተኛው የኒል አርምስትሮንግ ትንሽ ልጅ በ1962 የሞተችው በዚሁ ነው። ያኔም ሕክምናው ጨረር ነበር።

ለምን አልተለወጠም? የእኔ ሙያ የሚገባበት እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ቦታ ናሙና መውሰድ አደገኛ ነው ስለተባለ፣ ለአሥርት ዓመታት ኤምአርአይ ብቻ እየታየ ነው ሲታከም የኖረው። ሥጋው ላብራቶሪ አይደርስም። ካልደረሰ ደግሞ ምኑን ቆርጠን፣ ምኑን አይተን?

በ2009 በዚሁ በሽታ አንድ ሕጻን ሞተ። ወላጆቹ እጢውን ለሞንጄ ሰጡ። በሰዓታት ውስጥ ተወስዶ ሴሎቹ ላብራቶሪ ውስጥ በሕይወት እንዲያድጉ ተደረገ። በ2011 ታተመ። ያንንና ከዚያ በኋላ የተገኙትን ሴሎች ለሌሎች ላብራቶሪዎች አከፋፈለች። አንድ ልጅ ከሞተ በኋላ እጢው ስንት አገር እንደሄደ አስቡት።

አሁን ወደ ጨዋታው። የነርቭ ሴል ብርሃን ሲያርፍበት እንዲነቃ የሚያደርግ ዘዴ አለ፤ ዘረመሉ የተገኘው ከውኃ አልጌ ነው። እንዲህ ዓይነት ነርቭ ያላቸው አይጦች አንጎል ውስጥ ከታመመ ልጅ የተገኘ የእጢ ሴል ጨመሩ። ከዚያ በቀጭን ክር ሰማያዊ ብርሃን አበሩ። ብርሃኑ ሲበራ አይጧ በክብ መዞር ትጀምራለች፣ ሲጠፋ ትቆማለች። ብርሃን የበራላቸው አይጦች እጢ ካልበራላቸው ይልቅ አደገ። ነርቩ ሲሠራ እጢው ይበላል ማለት ነው።

በምን በኩል? ይሄን እንዴት እንዳገኙት በጣም ነው የወደድኩት፣ ምክንያቱም የወጥ ቤት ሥራ ነው። የአንጎል ቁራሽ ፈሳሽ ውስጥ አስቀምጠው ነርቮቹን አነቃቁ። ቁራሹን አወጡና ፈሳሹን ብቻ እጢው ላይ አፈሰሱ። አደገ! መረቁ ውስጥ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። መረቁን እየከፋፈሉ፣ እያጠለሉ ሲሄዱ ኒውሮሊጂን-3 የሚባል ፕሮቲን ላይ ደረሱ። ይህ 2015 ነው። በ2017 ኒውሮሊጂን-3 የሌላቸው አይጦች ውስጥ የእጢ ሴል ጨመሩ። እጢው ወራት እዚያው ተገተረ። የሚገርመው ይሄ ፕሮቲን ዋና ዕድገት ሰጪ ተብሎ የሚጠረጠር ዓይነት አልነበረም።

በ2019 ደግሞ የባሰው መጣ። የእጢ ሴሎች ከነርቮች ጋር እውነተኛ ሲናፕስ ሠርተው ተገኙ። ነርቭ ከነርቭ ጋር በሚነጋገርበት በዚያው መስመር። የሞንጄና የዊንክለር ቡድኖች ይህንን በአንድ ቀን ኔቸር ላይ አወጡት።

እሳት መሞቅ ያልኩትን አነሣለሁ። ገመድ ስበው ከቆጣሪው ላይ ነው መብራት የሚጠልፉት።

---

ተጠራጣሪው · ሰኞ ማታ 3፡41

ወንድሜ ጥሩ ጽፈሃል፣ እጅህ ይባረክ። ግን አንድ ነገር ልበል። አይጥ ከካንሰር ያልዳነበት ዓመት የለም። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ አይጥ እየዳነ ነው። ሰው የዳነበትን ንገረን።

---

ስላይድ_ቆራጭ · ሰኞ ማታ 3፡58

አንደኛ እህትህ ነኝ። ሁለተኛ፣ ልክ ነህ።

እንግዲህ ሰው የሞከሩበትን ልንገርህ። በ2018 የሞንጄ ቡድን ከስታንፎርዷ ሐኪም ከክሪስታል ማካል ጋር ሆኖ እነዚህ የእጢ ሴሎች ላያቸው በጂዲ2 የተሸፈነ መሆኑን አገኘ። ጂዲ2 ከስኳርና ከስብ የተሠራ ሞለኪውል ነው። ለበሽታ መከላከያ ሴሎች ምልክት ይሆናል። ስለዚህ የታማሚውን የራሱን ቲ ሴል ከደሙ ያወጡና ጂዲ2ን አድኖ እንዲገድል ዘረመሉን ይቀይሩታል። አብዝተው ይመልሱለታል። ካር-ቲ የሚሉት ይሄን ነው። መጀመሪያ በደም ሥር፣ ከዚያ በኋላ በቀጥታ ወደ አንጎል ፈሳሽ።

በ2024 መጨረሻ የወጣው ውጤት እንዲህ ነው። ሕክምናውን ያገኙት 11 ናቸው። 9ኙ ተጠቅመዋል፦ ወይ እጢው አንሷል፣ ወይ አካላቸው ተሻሽሏል። በ4ቱ ላይ እጢው ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ከእነሱ በአንዱ ኤምአርአይ ላይ ጭራሽ ጠፋ፣ ሪፖርቱ ሲጻፍም ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ አልፎት ደህና ነበር።

አንድ ሰው። አይጥ አይደለም። ቀሪዎቹን ስታስብ ደግሞ ጮቤ የሚያስረግጥ አይደለም።

---

ተጠራጣሪው · ሰኞ ማታ 4፡02

እህቴ ይቅርታ። አንዱ ግን አንድ ነው፣ ተቀብያለሁ።

---

ነርቭ_ሬዚደንት · ሰኞ ማታ 5፡30

ከተረኛነት ወጥቼ ነው የማነበው፣ ብሳሳት እርሙኝ።

ካር-ቲው ላይ ያልተነሣ ነገር አለ። ሴሎቹ እጢውን ሲያጠቁ ቦታው ያብጣል። ሌላ የሰውነት ክፍል ቢሆን ያብጥ ትላለህ። ፖንስ ላይ ግን ለእብጠት ቦታ የለም። የአንጎል ፈሳሽ መውረጃው ይዘጋል፣ ልጁ በደቂቃዎች ውስጥ ሊስት ይችላል። ስለዚህ ፈሳሹን የሚቀንስ ቱቦ ቀድሞ ተተክሎ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሆኖ ነው የሚሰጠው። ሕክምናው ሠርቶ ራሱ ሊገድል ይችላል። ለዚህ ነው በየቦታው የማይሰጠው።

ስለ ዊንክለርም ልጨምር፣ ሰው ሁልጊዜ ሁለተኛ ያደርገዋል። በ2015 ሃይደልበርግ ላይ የእጢ ሴሎች በቀጫጭን ረጃጅም ቱቦዎች እርስ በርስ ተያይዘው አሳየ። አንዱ በጨረር ሲጎዳ ሌሎቹ ይደግፉታል። የተያያዙት ይተርፋሉ፣ ለብቻው የቀረው ይሞታል። ለተማሪዎች ሳስረዳ እድር ነው እላቸዋለሁ።

---

የእድር_ጸሐፊ · ሰኞ ማታ 5፡44

ዶክተር፣ እድርን ከካንሰር ጋር? ቅጣት አለው ይሄ። ወንበር ተሸካሚ ትሆናለህ።

---

የሲልቨር_ስፕሪንጓ · ማክሰኞ ጠዋት 12፡15

ሌሊት አነበብኩትና እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ወንድሜ ግሊዮብላስቶማ የሚባል ኃይለኛ የአንጎል ካንሰር ነበረበት። ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ኖረ። ቴሞዞሎማይድ የሚባለውን ኬሞ አምስት ቀን ይውጣል፣ ሃያ ሦስት ቀን ያርፋል። ማታ በባዶ ሆዱ። መጀመሪያ የማቅለሽለሹን ክኒን፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ኬሞውን። የስልኬ ደወል አሁንም በዚያ ሰዓት ይጮሃል፣ አላጠፋሁትም። ለእብጠት የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን ፊቱን ድቡልቡል አደረገው። ዕድሜውን ሙሉ ቀጭን የነበረ ሰው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ፍሪጅ ከፍቶ ቀዝቃዛ ሽሮ በእንጀራ ይበላ ነበር።

የምጠይቀው ይሄ ነው። ከመታመሙ በፊት ለአካውንቲንግ ፈተና ያጠና ነበር። ታሞም አላቆመም። እኔ አእምሮህን አታድክም ብዬ መጽሐፉን ደበቅሁበት። ክፉኛ ተጣላን። አሁን ነርቭ ሲሠራ እጢው ይበላል ካላችሁ፣ ልክ ነበርኩ ማለት ነው? ወይስ እያነበበ ቀልቦት ነበር?

---

ነርቭ_ሬዚደንት · ማክሰኞ ጠዋት 1፡20

እህቴ፣ ነፍስ ይማር።

አልቀለበውም። አይጦቹ ላይ የተደረገው አንድን ቦታ በመብራት ደጋግሞ መቀስቀስ ነው። የሰው አንጎል ግን አንብብም አታንብብም ሥራ አይፈታም። ተኝተንም ይሠራል። ግድግዳ እያየ ቢውል እንኳ እጢው ያለበት ሰፈር ዝም አይልም። አታስብ፣ አታንብብ ብሎ የሚያዝ ሐኪም የለም። ከዚህ ምርምር ተነሥቶ እንደዚያ የሚል ቢመጣ አልገባውም ማለት ነው።

እውነቱን ልንገርሽና፣ መጽሐፉን መደበቅሽም አልጎዳውም፣ አልጠቀመውምም። ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ትንሽ አይደለም። ቴሞዞሎማይድ ከጨረር ጋር እንዲሰጥ ያደረገው የ2005ቱ የሮጀር ስቱፕ ጥናት ላይ፣ ሁለት ዓመት የደረሱት ከአራት ታማሚ አንድ ገደማ ናቸው። ጨረር ብቻ ካገኙት ደግሞ ከአሥር አንድ።

---

የሲልቨር_ስፕሪንጓ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡52

እግዚአብሔር ይስጥህ ዶክተር።

መጽሐፉን አልጋዬ ሥር ነበር የደበቅሁት። ካረፈ በኋላ ሳወጣው የታጠፈው ገጽ እኔ ከማውቀው ስልሳ ገጽ ወደፊት ሄዷል። ለካ አግኝቶታል። እያነበበ ቦታው ይመልሰው ነበር።

---

ስላይድ_ቆራጭ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡05

😭 ሥራ ቦታ ነኝ፣ አታስለቅሱኝ።

---

ጥያቄ_ከደሴ · ማክሰኞ ቀን 6፡30

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 61 ዓመቱ ነው። በመጀመሪያ ቃላት ጠፋው። "ያንን… ያንን ስጡኝ" ይላል፣ ማንኪያ የሚለው ይጠፋበታል። እርጅና ነው አልን። አንድ ክሊኒክ ደም ብዛት ብሎ ሦስት ወር አመላለሰን። ኋላ ጣለው። ኤምአርአይ ሲነሣ በግራ በኩል እጢ ታየ። አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል፣ ውጤት እየጠበቅን ነው።

ይህን ክር ካነበብኩ በኋላ ስፈልግ አደርኩ። ጋባፔንቲን እጢውን ከነርቩ ይለየዋል የሚል አገኘሁ። እናቴ ለስኳር እግሯን ስለሚያቃጥላት ጋባፔንቲን ትውጣለች። ቤት አለ። አሁን ብጀምርለት ምን ይላችኋል?

---

ነርቭ_ሬዚደንት · ማክሰኞ ቀን 7፡10

ወንድሜ እባክህ አትስጠው። ለምን እንደሆነ በደንብ ላስረዳ፣ ያነበብከው ውሸት ስላልሆነ።

ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተሠርቶ በ2023 የታተመ ነው፣ የሾን ሄርቪ-ጃምፐር ቡድን ከሞንጄ ጋር። የአንጎል ቀዶ ሕክምና አንዳንዴ ሰው ነቅቶ ይደረጋል። ታማሚው ሥዕል እያየ ስም ይጠራል፣ ዶክተሩ ደግሞ ቋንቋ የቱ ጋ እንዳለ ይለያል። እነሱ አንጎሉ ላይ ኤሌክትሮድ አስቀምጠው ለኩ። ታማሚው ቃል ሊያወጣ ሲል ጤናማው ክፍል ብቻ አልነበረም የነቃው። እጢ የወረረው ክፍልም አብሮ ነቃ፣ ቋንቋ ብዙም በማይሠራበት ቦታ ሳይቀር። እጢው የቋንቋውን መረብ ወደ ራሱ ጎትቶታል። ከአንጎሉ ጋር ይበልጥ የተያያዘ እጢ ያላቸው ታማሚዎች ቀድመው ሞተዋል። የአባትህ "ያንን ስጡኝ" ከዚህ የራቀ አይደለም።

ለዚህ ትስስር የሚረዳውን ፕሮቲን ሥራ ጋባፔንቲን ይገታል፣ እውነት ነው። ግን አይጥ ላይ ነው ያሳዩት። ለሰው በስንት መጠን፣ ለየትኛው ታማሚ የሚለው ገና ነው። ሌላው ደግሞ ከቀዶ ጥገና በወጣ ሰው ላይ ያደነዝዛል፣ ያንገዳግዳል። ነገ አባትህ ከመጠን በላይ ቢተኛ እጢው ነው፣ ደም ነው፣ እብጠት ነው ወይስ የእናትህ ክኒን? እኛም እንሳሳታለን። ኩላሊቱ ደከም ያለ ከሆነ ደግሞ ይጠራቀማል። ለሚጥል የሚወስደውን መድኃኒት ሰዓቱን ሳታዛንፍ ስጠው፣ አሁን ከእሱ የሚበልጥ ሥራ የለህም።

ይህን ሁሉ ጽፈህ ለቀዶ ሐኪሙ ጠይቀው። አታፍር። ፔራምፓኔል የሚባል ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒትም በሰው ላይ ሙከራ ተጀምሮበታል፣ ሐኪሙ ሰምቶ ይሆናል።

---

ጥያቄ_ከደሴ · ማክሰኞ ቀን 7፡33

እሺ ዶክተር። መልሼ እናቴ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

---

ባለ_ሥር · ማክሰኞ ቀን 8፡00

[ይህ አስተያየት ተሰርዟል]

አወያይ · ማክሰኞ ቀን 8፡04

የስልክ ቁጥር ለጥፎ "በ21 ቀን እጢ የሚያሟሽሽ" የሚሸጥ ሰው ከዚህ ቤት ይወጣል። ወጥቷል።

---

ልጅ_ዲያቆን · ማክሰኞ ማታ 2፡15

እኔን የያዘኝ የሕጻኑ ወላጆች ጉዳይ ነው። እህቴ በሁለት መስመር አለፍሽው። እኛ አገር ሰው ሲሞት ገላው ታጥቦ፣ ተገንዞ፣ ፍትሐት ተደርጎለት በቶሎ ወደ አፈር ነው። ያውም ሕጻን። እናትየው ደረቷን እየደቃች እያለ ማን ነው ደፍሮ "ጭንቅላቱን እንክፈት" የሚላት? ምርምሩን አልቃወምም። ግን የእኛ ሰው እሺ አይልም።

---

ስላይድ_ቆራጭ · ማክሰኞ ማታ 2፡50

እሺ አይልም የሚለውን አላውቅም። ተጠይቆ ነው ወይ?

እኛ ጋ አስከሬን የሚከፈተው ፖሊስ ሲያዝ ነው፣ ስለዚህ ቃሉ ራሱ ወንጀል ወንጀል ይሸታል። ደግሞ ማንም የሚያስረዳ የለም። ፊቱ እንደማይበላሽ፣ የተከፈተው ከኋላ እንደሚሰፋ፣ ቀብሩ እንደማይስተጓጎል ቁጭ ብሎ የሚናገር ሰው ቢኖር መልሱ ምን ይሆን ነበር? አንዴ አንድ አባት የልጁን ውጤት ሊወስድ መጥቶ፣ የተረፈውን ሥጋ ምን እንደምናደርገው ጠየቀኝ። እናስቀምጠዋለን አልኩት። "ለሌላ ልጅ ይጠቅማል?" አለኝ። አላውቅም ነበር። ቆይ ብዬው ዶክተሩን ልጠይቅ ገባሁ፣ ስመለስ ሄዷል። እስካሁን ይቆጨኛል።

---

ሐይፋ_ነኝ · ማክሰኞ ማታ 4፡20

ስለ ሼረር የሚጨመር አለ፣ ከዲያቆኑ ጥያቄ ጋር ስለሚገናኝ ነው።

በ1938 ያንን የጻፈው ሰው ከናዚ ጀርመን ወጥቶ ቤልጂየም፣ አንትወርፕ ላይ ይሠራ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ተመልሶ ያኔ የጀርመን ወደነበረችው ብሬስላው ከተማ ሄደ። እዚያ አካል ጉዳተኛ ናቸው ተብለው በናዚዎች የተገደሉ የፖላንድና የጀርመን ሕጻናት አንጎል እየመጣለት ይመረምር ነበር። በ1945 በቦምብ ድብደባ ሞተ። ጽሑፎቹ ዛሬም ይጠቀሳሉ፣ ማየቱ ትክክል ስለነበረ። እዚህ አገር ይህን የሚያስተምሩት ከእነ ታሪኩ ነው።

እንግዲህ የእነዚያን ሕጻናት ወላጆች ማን ጠየቀ? የ2009ኞቹ ወላጆች ግን ተጠየቁ፣ ሰጡ።

---

ስላይድ_ቆራጭ · ማክሰኞ ማታ 4፡41

አላውቅም ነበር። ክሩን ስከፍት ስሙን እንዲሁ ጣል አድርጌው አልፌያለሁ። አላጠፋውም፣ ከዚህ አስተያየት ጋር አብሮ ይነበብ።

---

ልጅ_ዲያቆን · ማክሰኞ ማታ 5፡05

ተጠየቁ፣ ሰጡ። እሺ። ይህን አባቶችን ይዤ እጠይቃለሁ። መልሱን አመጣለሁ፣ ምን እንደሚሉ ግን አልምልም።

---

ተጠራጣሪው · ረቡዕ ጠዋት 3፡30

እኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ። ይሄ ሁሉ ለእኛ አገር ልጅ መቼ ይደርሳል? ካር-ቲ ስታንፎርድ ነው።

---

ነርቭ_ሬዚደንት · ረቡዕ ቀን 9፡15

ካር-ቲው ቅርብ አይደለም፣ ልሸነግልህ አልችልም። ግን ቀላሉም አለ። በነሐሴ 2025 የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ዶርዳቪፕሮን የሚባል መድኃኒት ፈቅዷል። ኤች3 ኬ27ኤም የሚባል የዘረመል ለውጥ ላለበት፣ ከታከመ በኋላ ለተመለሰ እጢ ነው። ዲአይፒጂ አብዛኛው ይህ ለውጥ አለበት፣ በ2012 ነው የታወቀው። በሳምንት አንዴ የሚዋጥ እንክብል ነው። ከ50 ታማሚ በ22 በመቶው ላይ እጢው ቀንሷል። ተአምር አይደለም። ግን እንክብል አውሮፕላን ይሳፈራል። ዋጋው ሌላ ጣጣ ነው።

የሰው ኃይሉን በተመለከተ ተስፋ አልቆርጥም። ከ2006 በፊት በአገሪቱ የነርቭ ቀዶ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ በርገን ጋር ሆኖ ሥልጠና ጀመረ። እኔን ያስተማሩኝ እዚሁ የሠለጠኑ ናቸው።

---

ጥያቄ_ከደሴ · ዓርብ ማታ 1፡40

የአባቴ ውጤት ወጣ። ግሊዮማ የሚባል የአንጎል እጢ ነው፣ ደረጃ 3 ብለዋል። ሐኪሙን ስለ ጋባፔንቲኑ ጠየቅሁት። አልተቆጣኝም። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ አነበበውና "አሁን አንጀምረውም፣ መጀመሪያ አይዲኤች የሚባለው ለውጥ ይኑረው አይኑረው እንይ፣ ሕክምናውም ዕድሜውም በእሱ ይለያያል" አለኝ። ምርመራው እዚያ ስለማይሠራ ናሙናውን ሌላ ላብራቶሪ ውሰድ ተብያለሁ። ሰኞ ከጠዋቱ ሄጄ እቀበላለሁ። እህቴ ስላይድ_ቆራጭ፣ ምን ብዬ ነው የምጠይቃቸው? ስላይዱን ስጡኝ ልበል?

---

ስላይድ_ቆራጭ · ዓርብ ማታ 1፡55

ስላይዱን ብቻ አትውሰድ። "ብሎኩን" በላቸው። የክብሪት ሣጥን የምታህል፣ ሥጋው ሰም ውስጥ የተቀበረባት ናት። ላይዋ ላይ ቁጥር አለ፣ ከአባትህ ወረቀት ቁጥር ጋር እዚያው ቆመህ አመሳክር። ብዙ ብሎክ ካለ እጢው በብዛት ያለበትን ዶክተሩ እንዲመርጥልህ ለምን። ፈርመህ ነው የምትወስደው፣ የፓቶሎጂውን ሪፖርት ኮፒም ያዝ።

በፌስታል ጠቅልለህ የደረት ኪስህ ውስጥ አድርጋት። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ እንዳትተዋት፣ ሰም ናት፣ ትቀልጣለች።